አውሮፕላኑን ገልብጠን ስናየው

ሞዴል አውሮፕላን የሚሠራ ሰው አጋጥሟችሁ ከሆነ አንድ ነገር ሳትታዘቡ አትቀሩም፤ ማንም በማያየው ቦታ ላይ ይለፋል። የሶፕዊዝ ካሜልን ክንፍ ውሰዱ። ይህ የአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 8.53 ሜትር ነበር፤ አሥራ ሁለት ጊዜ ሲያንስ 71 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍ ነገር። ሠሪው ባልሳ ከሚባለው በጣም ቀላል እንጨት የክንፉን ጎድኖች አንድ በአንድ ይቆርጣል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ በፕላኑ ላይ ደርድሮ ያጣብቃል። ሳምንታት ይፈጃል። ከዚያ ስስ ወረቀት ያለብሰውና ያ ሁሉ ልፋት ከወረቀቱ ሥር ይቀበራል።

ማልበሱ ራሱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ወረቀቱ የሚጀመረው ከክንፉ ሆድ በኩል ነው። ጠርዝ ጠርዙ ይጣበቃል፣ ከዚያ የላይኛው ይከተላል፣ በስሱ ውሃ ይረጭበታል። ሲደርቅ ይኮማተርና እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። በዚህ ጊዜ ክንፉ ከሰሌዳ ጋር በስፒል ካልተያዘ ተጣሞ ይቀራል። በመጨረሻ ዶፕ የሚባለው ቫርኒሽ መሰል ፈሳሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀባል። አንዲት ጎድን ከጓደኞቿ በአንድ ሚሊ ሜትር ከፍ ብላ ከሆነ የምትታወቀው ያኔ ነው። ልብስ ገመና ይሸፍናል እንላለን፤ እዚህ ግን ልብሱ ነው የሚያጋልጠው።

ጥያቄዬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለአንዲት ጎድን ይህን ያህል የሚታመን ሰው፣ አውሮፕላኑ ለሠራው ሥራስ ምን ያህል መታመን አለበት? ካሜል የተሠራው ሰው ለመግደል ነው። የመግደያ መሣሪያን ውበት መውደድ፣ ያውም ስንት ሌሊት ቁጭ ብሎ በእጅ መልሶ መሥራት፣ ነውር አለበት ወይ?

«ኧረ አታካብድ፣ መጫወቻ እኮ ነው!» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ወረቀትና እንጨት ማንንም አይገድልም። ደግሞ እኛም በዚህ ጉዳይ ንጹሕ ነን ለማለት አንችልም። ቅድመ አያቱ ጥለውት የሄዱትን ምንሽር ወይም አልቤን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየ ልጅ፣ በኩራት ነው የሚያየው። ሰደፉን ይዳብሳል። ስንት ሰው እንደጣለ ቆጥሮ የሚያፍርበት የለም። ግን አንድ ልዩነት አለ። ያ ጠመንጃ ባዶውን አይሰቀልም፤ የማን እንደነበር፣ የት እንደዘመተ፣ ማን እንደወደቀበት የሚናገር ሰው አብሮት አለ። ሞዴሉ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከልኬት ጋር ብቻ ነው። ርዝመቱ ይህን ያህል፣ ቀለሙ እንዲህ፣ የመትረየሱ ቁጥር ሁለት። እና ለልኬት ብቻ መታመን መታመን ነው ወይ?

እስቲ የካሜልን መልክ ራሱን እንየው። ስሙን ያገኘው ከአብራሪው ፊት ለፊት ካለው ሻኛ ነው። ሻኛው ጌጥ አይደለም፤ ሁለቱን የቪከርስ መትረየሶች የሚሸፍን ነው። የታችኛው ክንፍ ወደ ላይ ቀና ሲል የላይኛው ቀጥ ያለ የሆነው ፋብሪካው በፍጥነት እንዲያመርተው ነው። ሞተሩ፣ አብራሪው፣ መሣሪያውና ነዳጁ አፍንጫው አካባቢ ተጠጋግተው ስለተቀመጡና ሞተሩ ራሱ ከውልብልቢቱ ጋር ስለሚሽከረከር፣ አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ እንደ ጅራፍ ይታጠፍ ነበር። ለጠላት አስፈሪ ያደረገው ይህ ነው። ለጀማሪ አብራሪም መቃብር የሆነው ይኸው ነው። ካሜል እያበረሩ በውጊያ የሞቱት 413 ሲሆኑ ከውጊያ ውጭ በሆነ ምክንያት የሞቱት ደግሞ 385 ናቸው። አስቡት፣ ግማሽ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። ፓራሹት ደግሞ አልተሰጣቸውም። በፊኛ ላይ ሆነው ጠላትን ለሚቃኙት ይሰጥ ነበር፤ ለተዋጊ አብራሪዎቹ ግን አልነበረም።

ሌላም አለ። እውነተኛው ካሜል የለበሰው ወረቀት ሳይሆን ከተልባ ቃጫ የተሸመነ ሊነን ነበር። ጨርቁን የሚሰፉትና ዶፕ የሚቀቡት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። በጦርነቱ የመጀመሪያ ዓመታት እንግሊዝ ውስጥ ይሠራበት ከነበረው ዶፕ አንዳንዱ ቴትራክሎሮኢቴን የሚባል ጉበት የሚጎዳ ኬሚካል ነበረበት። ሲተነፍሱት የዋሉ ሠራተኞች ዓይናቸውና ቆዳቸው ቢጫ ይሆን ጀመር፤ የሞቱም አሉ። ካሜል በ1917 እ.ኤ.አ. ግንባር ከመድረሱ በፊት ኬሚካሉ በሌላ እየተተካ ነበር። ቢሆንም ያ ጥብቅ፣ ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ ልብስ የተለመደው በእነዚህ ሴቶች ትንፋሽ ነው። ዛሬ ሞዴል የሚያለብስ ሰው መስኮት ከፍቶ ዶፕ ሲቀባ፣ ሳያውቀው የእነሱን ሥራ እየሠራ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ውስጥ አሥራ ሁለት ጊዜ አንሶ የሚሠራው የትኛው ነው? ክንፉ ያንሳል። ሻኛው ያንሳል። አብራሪው ፊት ላይ የሚረጨው የጉሎ ዘይት አያንስም፤ ሞዴሉ ላይ ጭራሽ የለም። ፍርሃቱም የለም። ይህ የሠሪው ጥፋት አይደለም፣ የማሳነስ ጠባይ ነው። ማሳነስ ቅርጽን ያስቀራል፣ መዘዙን ግን ይጥለዋል።

ከሁሉ በላይ የሚቀየረው የቆምንበት ቦታ ነው። ሞዴል ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ከላይ ወደ ታች ይታያል። ተዋጊ አውሮፕላንን ግን ብዙ ሰው ያየው ከታች ወደ ላይ ነው። የእኛ ሰዎችም ያዩት እንደዚያ ነው። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች በወታደሩም በገበሬውም ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ሲያዘንቡ፣ ከታች ለነበረው ሰው የክንፉ ቅርጽ የውበት ጉዳይ አልነበረም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር የተናገሩት ይህንኑ ነው። ካሜል በዚያ ጦርነት አልነበረም፤ የሌላ ጊዜና የሌላ አገር ነው። ነገር ግን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ተረት ለማንኛውም የጦር አውሮፕላን ይሠራል። ሞዴሉን ከላይ ብቻ ማየት፣ ሳናስበው፣ የወጋውን ቦታ መያዝ ነው።

ታዲያ ይተው? እኔ ይተው አልልም። እንዲያውም በተቃራኒው። ፈጥኖ የሚያልፍ ሰው ስለ ካሜል የሚያውቀው «አሪፍ አውሮፕላን» መሆኑን ነው፤ ከወረቀትና ከጎድን ጋር ሲታገል የከረመ ሰው ግን ይህን ጨርቅ ማን ሰፋው፣ ይህ ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ ስንት ዓመቱ ነበር ብሎ ለመጠየቅ ከማናችንም ይቀርባል። እጅ ሲዘገይ ሐሳብ ጊዜ ያገኛል። አደጋው እዚያው ድረስ ደርሶ መቆሙ ነው፤ ስለ ቀለሙ ዓይነት ሲከራከር አምሽቶ ስለ ሰዎቹ አንድ ቃል አለመናገር። ጥቃቅን እውነት ሲበዛ ትልቁን እውነት የተናገርን ይመስለናል።

አንዳንዱ ሠሪ ከማልበሱ በፊት ስሙንና ቀኑን በእርሳስ ከውስጥ ይጽፋል። 413 እና 385 የሚሉትን ቁጥሮችም እዚያው መጻፍ ይቻላል፤ ከወረቀቱ ሥር ሆነው ሠሪው ብቻ ያውቃቸዋል። ያምራል፣ ግን አይበቃም። ማንም የማያያት ጎድን ሥራዋን ትሠራለች፣ ክንፉን ትሸከማለች። ማንም የማይሰማው መታሰቢያ ግን የሚሸከመው ነገር የለም። ስለዚህ ቁጥሮቹ ውጭ ይውጡ፤ ሞዴሉ ከሚቆምበት እንጨት ላይ፣ ከክንፉ ርዝመትና ከሞተሩ ጉልበት ጎን ይጻፉ።

ካሜል ከላይ በኩል ቡናማ አረንጓዴ ቀለም ይቀባ ነበር። ሆዱ ግን የሊነኑን የራሱን መልክ እንደያዘ ይተው ነበር። እና ቤት የመጣ ልጅ «ላንሳው?» ካለ፣ እሺ በሉት። ቀስ ብሎ ይገልብጠውና ሆዱን ይይ። ከሥር ማን እንደነበር ከጠየቀ ደግሞ ንገሩት።