የሰው አደራ በስልክ ውስጥ

የስልኬ ስም ዝርዝር ቢጠፋ እንዳልቸገር በጉግል መዝገብ አኑሬዋለሁ፤ ስለዚህ በኮምፒዩተሬም ያው ይገኛል። ይህስ መልካም ነው። ነገር ግን አዲስ መተግበሪያ በጫንሁ ቁጥር ዝርዝሩን ለማየት ፈቃድ ይጠይቀኛል። ቴሌግራምም ቢሆን ከተፈቀደለት ስሙንና ቁጥሩን ወደ ራሱ ማከማቻ ይወስዳል። አንባቢ ሆይ፥ እኔ የምፈቅደው የማንን ንብረት ነው? አክስቴ ቁጥሯን የሰጠችኝ ለእኔ ነው እንጂ ለማታውቀው ድርጅት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ እኔን ግን ከአዋጁ ይልቅ የአክስቴ እምነት ያሳስበኛል። «ሁሉም ያደርገው የለምን?» የሚል ወዳጅ አለኝ፤ የብዙ ሰው ልማድ ግን የእርሷን ፈቃድ አይተካም። ስለዚህ «አልፈቅድም» የሚለውን እነካና የምፈልገውን ሰው ቁጥር አንድ በአንድ በእጄ አስገባለሁ። ጥቂት ያደክማል፤ ቢሆንም እስካሁን የቀረብኝ ነገር የለም።