ማንን ተሸክመን እንውጣ?

ከፕራግ መሐል ከተማ በስተምዕራብ፣ በግንብ የታጠረ ደን ውስጥ «ኮከብ» የሚባል የበጋ ቤተ መንግሥት አለ። ስሙን ያገኘው ከቅርጹ ነው፤ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ነው። የኦስትሪያው መስፍን ፈርዲናንድ ፕላኑን ራሱ ነድፎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1555 አስጀመረው። ደኑ የነገሥታት አደን ማደኛ ነበር፤ ዛሬ ማንም ውሻውን እያስከተለ ይንሸራሸርበታል።

ከውጭ ሲታይ ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። ሀብቱ ያለው ጣሪያው ላይ ነው። ምድር ወለሉ መሐል ቆሜ ቀና ስል ከኖራ የተቀረጸው ኤኒያስ ሽማግሌ አባቱን በትከሻው ተሸክሞ ከምትነደው ትሮይ ይወጣል። (ቤቱ በኋላ የባሩድ መጋዘን ሆኖ ነበር፤ ምስኪኑ ኤኒያስ ከእሳት የሚሸሸው ከባሩድ በላይ ሆኖ ነው!)

መቼም ይህን ምስል አይቶ «የልጅ ወጉ ይህ ነው» የማይል የለም። ሮማዊው ቨርጂል የተረከውን ለሚያስታውስ ግን አንድ ነገር ይጎረብጠዋል። ኤኒያስ አባቱን አዝሎ፣ ትንሹን ልጁን እጁን ይዞ፣ ሚስቱን ክሬውሳን ከኋላ ተከተይኝ አላት። ዞር ሲል የለችም። የታዘለው ዳነ፤ እጁን የተያዘው ዳነ፤ «ራሷን ትችላለች» የተባለችው ጠፋች። በየቤታችን ራሷን ትችላለች፣ ራሱን ይችላል ብለን ከኋላ ያስቀረነው ስንት ነው?

የቤቱ ጌታ የሄደው በተቃራኒው ነው። በ1557 የአውግስቡርግ ነጋዴዎች ወገን የሆነችውን ፊሊፒን ቬልዘርን አባቱ ንጉሡ ሳያውቅ አገባ። ነገሩ ሲታወቅ አባትየው ይቅር ያለው ጋብቻው በምስጢር እንዲቆይ፣ ልጆቹም ዙፋን እንዳይወርሱ አስምሎ ነው። እኔ እስከዚህ ድረስ ከመስፍኑ ጋር ነኝ፤ ዘር ቆጥሮ ሰው ለሚያሳንስ አባት ሚስትን አሳልፎ መስጠት አክብሮት አይመስለኝም።

ዳሩ ግን ምስጢሩ እንዳይወጣ ሲባል የተወለዱት ሕፃናት በር ላይ እንደተጣሉ ተደርገው ይቀመጡ፣ እናታቸውም እንደ ወደቀ ልጅ ታነሳቸው እንደነበር ይተረካል። ለማስመሰልም ቢሆን፣ ለደቂቃም ቢሆን፣ ያ ልጅ በር ላይ ተኝቷል። ሚስቱን ያልተወው ሰው የመረጠውን ዋጋ የከፈለው ሌላ ነው፣ ያውም አፍ ያልፈታ።

ኤኒያስን ግን እንዲሁ አልኮንነውም። አባቱንና ልጁን ደህና ቦታ ካደረሰ በኋላ ብቻውን ወደሚነደው ከተማ ተመልሶ፣ በጨለማው ስሟን እየጮኸ ፈልጓታል። ያገኘው ጥላዋን ብቻ ነበር። እኔ ጣሪያው ላይ ማየት የምሻው ያንን ኤኒያስ ነው፤ ትከሻው ባዶ ሆኖ፣ ፊቱን ወደ እሳቱ አዙሮ።