በድጋሚ የወጣ ማስታወቂያና የዕጣ ፈንታ ጥያቄ

ለሥራ ተወዳድሮ ያልተመረጠ ሰው ያንኑ የሥራ መደብ ከሳምንታት በኋላ «በድጋሚ የወጣ ማስታወቂያ» በሚል ርእስ ተለጥፎ ሲያየው የሚያድርበት ጥያቄ፣ በሌላ ተወዳዳሪ ተበልጦ የቀረ ሰው ከሚያድርበት ጥያቄ የተለየ ነው። የተበለጠ ሰው ሐዘኑን የሚያሳርፍበት ሌላ ሰው አለው፤ ያ ሰው የተሻለ ውጤት አምጥቶ፣ የረዘመ ልምድ ይዞ ወይም ዘመድ ኖሮት ይሆናል እያለ ራሱን ከእርሱ ጋር ሊያነጻጽር፣ ቢከፋውም ሊያማው ይችላል። ማስታወቂያው የተደገመበት ሰው ግን ያሸነፈው ማንም የለም። የተነጻጸረው ከባዶ ወንበር ጋር ነው፤ መሥሪያ ቤቱም «ይህ ሰው ከሚቀመጥበት ባዶውን ቢቆይ ይሻላል» ብሎ የፈረደበት ይመስለዋል። ከዚህ ስሜት ሁለት ጥያቄዎች ይወለዳሉ። አንደኛው የፍልስፍና ነው፦ ባዶ የቀረ ወንበር ስለ ሰው ዋጋ የሚናገረው ነገር አለ ወይ? ሁለተኛው የሃይማኖት ነው፦ እንጀራን የሚሰጥ ፈጣሪ ነው ብሎ ለሚያምን ሰው፣ ይህን በር የዘጋው ፈጣሪ ነው ወይስ ፈታኝ ኮሚቴው?

ጥያቄዎቹ በይፋት ቆላ ልዩ ክብደት አላቸው። በዚህ ቆላ ያለችው ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ተወርዶ የምትገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ ባለው የቀወት ወረዳ ገበሬው ጤፍ፣ ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት ያመርታል። በዚህ አገር ሰው የሚቀጠረው በሁለት መንገድ ነው። በሽንኩርት ማሳ ላይ የሚውል የቀን ሠራተኛ ማለዳ ቆሞ ይጠብቃል፣ አሠሪ ወይም ደላላ መጥቶ ይመርጠዋል፤ ያልተመረጠው እዚያው ያውቀዋል፣ በማግሥቱም ተመልሶ ይቆማል። ትምህርት የጨረሰ ልጅ ግን የሚቀጠረው በወረቀት ነው። በመሥሪያ ቤቱ በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ክብ ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ይለጠፋል፤ በሠንጠረዡም የመደቡ መጠሪያ፣ ደረጃው፣ ደመወዙ፣ ተፈላጊው የትምህርት ዝግጅትና የሥራ ልምድ፣ ብዛቱም ይሰፍራል። ተወዳዳሪው የትምህርት ማስረጃውን ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን ይዞ ይመዘገባል፣ የጽሑፍ ፈተና ይወስዳል፣ ለቃለ መጠይቅ ይጠራል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ማስታወቂያው ሲደገም ከርእሱና ከምዝገባው ቀን በቀር የሚለወጥ ነገር ብዙ ጊዜ የለም፤ ደመወዙ ያው ነው፣ ተፈላጊው ችሎታ ያው ነው፣ «ብዛት» በሚለው ዓምድ ሥር ያለችው 1 ቁጥርም እዚያው ናት። ሰው የሚቆስለው በዚህች ቁጥር ነው። ቦታው እንዳለ ነው፣ እርሱም ዲግሪውን እንደያዘ ነው፤ በመካከል የሆነውን ግን የነገረው የለም።

የሥራ ፈተና በኢትዮጵያ ቤተሰብ ዘንድ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በአንዱ ቤት እናት ስለት ትሳላለች፣ በሌላው ቤት አባት ዱዓ ያስደርጋል፣ ጎረቤትም ቡና ላይ «ምን አሉት?» እያለ ይጠይቃል። ይፋት ከወላስማዎች ሱልጣኔት ዘመን፣ ማለትም ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ የታወቀ የእስልምና አገር ሲሆን፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ገበያና ለቅሶ ተጋርተው የኖሩበት በመሆኑ ማጽናኛውም በሁለት አነጋገር ይመጣል፤ አንዱ «ለበጎ ነው» ይላል፣ ሌላው «ኸይር ነው» ይላል። የሁለቱም አሳብ፣ የሰው ዓይን ክፉ ብሎ ያየው ነገር በፈጣሪ ዘንድ መልካም ፍጻሜ ሊኖረው ይችላል የሚል ነው። ይህ ማጽናኛ እውነተኛ የእምነት ቃል ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። ችግሩ የሚመጣው ቃሉ ከአጽናኙ አፍ ወጥቶ ለወሳኙ ሰው መሸሸጊያ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ሃይማኖቶች ስለ ዕጣ ፈንታ የሚያስተምሩትን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

በእስልምና ትምህርት ለእያንዳንዱ ፍጡር የተወሰነለት ሲሳይ «ሪዝቅ» ይባላል፤ በቁርአን በሁድ ምዕራፍ በምድር ላይ የሚንቀሳቀስ ሁሉ ሲሳዩ በአላህ ላይ መሆኑ ተነግሯል። ነገር ሁሉ በአላህ ዕውቀትና ውሳኔ መሆኑን የሚያጸናው የእምነት ማዕዘን ደግሞ «ቀደር» ነው። ከእነዚህ ጋር ግን ሌሎች ሁለት አሳቦች አብረው ይሄዳሉ፤ እነርሱም «ሰበብ»፣ ማለትም ሰው በበኩሉ ሊያደርሰው የሚገባው ምክንያትና ጥረት፣ እንዲሁም «ተወኩል»፣ ማለትም ጥረቱን ካደረሱ በኋላ ውጤቱን ለአላህ መተው ናቸው። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ፣ ግመሉን አስሮ በአላህ ይመካ ወይስ ሳያስር ይመካ እንደሆነ ለጠየቀ ሰው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድሞ እንዲያስራት ነግረውታል፤ ግመል ከአፋር ቆላ ወደ ይፋት ገበያ ስትመላለስ ለኖረችበት ሕዝብ ይህ ትምህርት ሌላ ማብራሪያ አያሻውም። አንድን ጉዳይ ከመጀመር በፊት ሁለት ረከዓ ተሰግዶ የሚደረገው «ኢስቲኻራ» የተባለው ጸሎትም ነገሩ ለሃይማኖት፣ ለኑሮና ለፍጻሜ መልካም ከሆነ እንዲገራ፣ ክፉ ከሆነ እንዲርቅ፣ በጎው የትም ቢሆን እንዲወሰንና ልብ በእርሱ እንዲረካ የሚለምን ስለሆነ፣ ኢስቲኻራ ሰግዶ ቦታው ያመለጠው ሰው ጸሎቱ ሳይሰማ ቀረ አይባልም። ነገር ግን ይህ ሁሉ የተወዳዳሪው ድርሻ ነው። የፈታኙ ድርሻ «አማና»፣ ማለትም አደራ ነው፤ በኒሳእ ምዕራፍ አደራን ለባለቤቱ ማድረስና በሰዎች መካከል ሲፈርዱ በፍትሕ መፍረድ ባንድነት ታዘዋል። አደራ የበላ ሰው ቀደርን ምስክር አድርጎ ሊያቀርብ አይችልም።

በክርስትናው በኩል ስለ ባዶ ቦታ በግልጽ የሚናገረው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 የተጻፈው ታሪክ ነው። ከ12ቱ አንዱ የነበረው የይሁዳ ቦታ ባዶ በቀረ ጊዜ፣ ጴጥሮስ 120 ያህል ሰዎች በተሰበሰቡበት ተነሥቶ ለቦታው የሚያበቃውን መስፈርት በሁሉም ፊት ተናገረ፤ ይኸውም ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ ጌታ እስካረገበት ቀን ድረስ አብሯቸው የነበረ ሰው መሆን ነው። በርስያን የተባለው ዮሴፍና ማትያስ ቀረቡ፤ ጉባኤው ጸለየ፤ ዕጣ ተጣለ፤ ዕጣውም ለማትያስ ወጣ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፈው የነገሩ ቅደም ተከተል ነው። ዕጣው የተጣለው መስፈርቱ በአደባባይ ከተነገረ፣ ሁለቱም መስፈርቱን ማሟላታቸው ከታወቀና የሰው ዕውቀት ከዚያ ወዲያ ሊለያቸው ካልቻለ በኋላ ነው። ሐዋርያት ሰው ሊመዝነው የሚችለውን መዝነው የቀረውን ለእግዚአብሔር ተዉ እንጂ፣ ሳይመዝኑ አልተዉለትም። ዮሴፍም ዕጣው ባይወጣለት ምስክርነቱ አልተሻረም፤ ለቦታው የበቃ እንደነበረ በስሙ ተጽፎለታል።

ከተደገመ ማስታወቂያ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው ግን በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 16 ያለው ነው። ሳሙኤል ከእሴይ ልጆች አንዱን ለንግሥና ሊቀባ ወደ ቤተ ልሔም መጣ፤ በኵሩን ኤልያብን ባየ ጊዜ እርሱ እንደሚሆን ገመተ፣ አልሆነም፤ ሰባቱ ወንድማማቾች በየተራ አለፉ፣ ከሰባቱም አንድ እንኳ አልተመረጠም። በቀንዱ ያለው ዘይት አልፈሰሰም፣ ፍለጋውም በጎች ወደሚጠብቀው ወደ ዳዊት ቀጠለ። ዳዊት ከሜዳ ተጠርቶ እስኪመጣ ድረስ በነበረችው ጊዜ እነዚያ ሰባት ሰዎች ባዶ ቦታ የተመረጠባቸው ሰዎች ነበሩ። እግዚአብሔር እንደ ሰው ፊትን ሳይሆን ልብን እንደሚያይ ለሳሙኤል ነግሮታል፤ ሳሙኤል ይህን ለኤልያብ እንደነገረው ግን መጽሐፉ አይናገርም። በምዕራፍ 17 ዳዊት ለወንድሞቹ ስንቅ ይዞ ወደ ጦር ሰፈሩ ሲመጣ ኤልያብ ተቆጥቶ በትዕቢትና በልብ ክፋት ከሰሰው። ቁጣው ቅናት ነው ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል፤ ይሁንና ለምን እንደታለፈ ያልተነገረው ሰው ቁጣ ሆኖ ቢነበብ ከታሪኩ ጋር ይበልጥ ይስማማል። ኤልያብ ለንግሥና ባይመረጥም በሳኦል ሠራዊት ውስጥ በቦታው ቆሞ ነበር፤ አለመመረጡ ከንቱ ሰው አላደረገውም። ደግሞም ነቢዩ ሳሙኤል ራሱ በቁመና ተሳስቶ ከነበረ፣ በጥቂት ደቂቃ ቃለ መጠይቅ የሚፈርዱ ሦስት ወይም አምስት ፈታኞች አንሳሳትም ሊሉ አይችሉም፤ የእነርሱ «አይመጥንም» ከሰው ዕውቀት የመጣ ስለሆነ ምክንያቱ ሊጠየቅ የሚገባው ፍርድ ነው።

ከይፋት ቆላ በላይ በምትገኘው በአንኮበር የሸዋ ነገሥታት በተቀመጡበት ዘመን፣ ለምሳሌ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ (እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847)፣ ሹመት የሚፈለገው በደጅ ጥናት ነበር፤ ደጅ ጥናት ማለት ሹመት ወይም ፍርድ የሚሻ ሰው በጌታው ደጅ እየተመላለሰ እስኪታይና እስኪጠራ ድረስ የሚጠብቅበት ልማድ ነው። ልማዱ ሰውን የሚያዋርድና ለአድልዎ የተመቸ ስለነበረ ማንም ሊናፍቀው አይገባም። ሆኖም ደጅ ጠኚው የከለከለውን ያውቀው ነበር፤ የጌታው ፊት ሲፈታና ሲጠቁር ያያል፣ አማላጅ ይልካል፣ እምቢታውም ከራሱ ማነስ ሳይሆን ከጌታው ፈቃድ የመጣ መሆኑን ለማመን አይቸገርም። ዘመናዊው ሕግ የጌታውን ፈቃድ በመስፈርት ተካው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ክፍት የሥራ መደብ ተፈላጊውን ችሎታ አሟልቶ ከሌሎች የተሻለ ውጤት ባገኘ ሰው እንዲሞላ፣ በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖትና በፖለቲካ አመለካከት ልዩነት እንዳይደረግ ደንግጎ ነበር። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሸክም አብሮት መጣ። እንግሊዛዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቦታ ሁሉ በችሎታ በሚሰጥበት ማኅበረሰብ ወደ ኋላ የቀረ ሰው የሚያመካኝበት አጥቶ ዝቅታውን እንደሚገባው ዋጋ ሊቆጥረው እንደሚችል አመልክቶ ነበር። ማስታወቂያው ተደግሞበት ምክንያቱ ያልተነገረው የሸዋ ሮቢት ወጣት የሁለቱንም ሥርዓት ክፉ ክፍል ይቀበላል፤ ዝምታውን ከደጅ ጥናት፣ ኀፍረቱን ከችሎታ ውድድር።

በሰው ሀብት ሥራ ላይ ያለ ሁሉ ማስታወቂያ የሚደገምባቸውን ምክንያቶች ያውቃል። በቂ ተወዳዳሪ ላይቀርብ፣ የማለፊያ ነጥብ ያመጣ ላይገኝ ይችላል፤ የተመረጠው ሰው ደመወዙ አንሶበት ወይም የቆላውን ሙቀትና ወባ ፈርቶ ሳይመጣ ይቀራል፤ መስፈርቱ በስሕተት ወጥቶ ይታረማል፤ ቅሬታ ቀርቦ ውድድሩ ይሰረዛል። አስቀድሞ የታሰበለት ሰው ስላላለፈ የሚደገምበትም ጊዜ አለ፤ ይህ ግን በደል ስለሆነ በሌላ ስም ሊጠራ አይገባም። ከእነዚህ ሁሉ ስለ ተወዳዳሪው የሚናገረው የነጥቡ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ነጥብም የሚለካው አንድ ሰው ለአንድ መደብ በአንድ ቀን የነበረውን ብቃት ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከዚህ ይገኛል፦ የወንበሩ ባዶነት የመሥሪያ ቤቱን ፍላጎትና የውድድሩን ውጤት ይናገራል፣ ስለ ሰውየው ክብር የሚናገረው ቃል የለውም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 በተነገረው ምሳሌ እስከ 11 ሰዓት በገበያ ቆመው የዋሉት ሠራተኞች፣ የሚቀጥራቸው ስላላገኙ እንደቆሙ ሲናገሩ የወይኑ ቦታ ጌታ ሰነፎች አላላቸውም፤ ምሽት ላይም ማለዳ ከተቀጠሩት ጋር እኩል ከፈላቸው።

ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ «ለበጎ ነው» የሚለው ቃል የማን እንደሆነ በመለየት ላይ ይቆማል። ቃሉ የተጎዳው ሰው ስለ ራሱ ሕይወት የሚለው፣ እናቱም እጇን ትከሻው ላይ ጭና የምትለው ቃል ነው፤ ሁለቱም ዛሬ በተዘጋው በርና ገና ባልታየው ነገ መካከል በእምነት ለመቆም ይናገሩታልና። ፈታኝ ኮሚቴ ግን ይህን ቃል የመናገር ሥልጣን የለውም፤ በቃለ ጉባኤው ላይ የፈረመው እርሱ ስለሆነ፣ ፈርሞ ያደረገውን በፈጣሪ ሊያመካኝ አይችልም። ውሳኔን ያለ ምክንያት መተው የሰውን ሥራ ዕጣ ፈንታ አስመስሎ ማቅረብ ነው፤ ይህም ሰውን መበደል ብቻ ሳይሆን የፈጣሪን ስም ለማይገባ ነገር ማዋል ነው። ተወዳዳሪው በበኩሉ ማስታወቂያው ካልከለከለው ዳግመኛ ሊመዘገብ ይገባል፤ ውጤቱን በጽሑፍ ቢጠይቅ፣ መልስ ሲያጣም ቅሬታ ለሚሰማው አካል ቢያመለክት፣ ይህ ሰበብን ማድረስ እንጂ በፈጣሪ ላይ ማጉረምረም አይሆንም። ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀው ብዙ አይደለም፤ ማስታወቂያው ለምን እንደተደገመና ቀድሞ የተወዳደሩት ዳግመኛ መመዝገብ ይችሉ እንደሆነ በዚያው ገጽ ግርጌ በአንድ መስመር ሊጻፍ ይችላል። በይፋትም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል በፈታኝነት የሚቀመጡ ሁሉ፣ ሁለተኛው ማስታወቂያ በሰሌዳው ላይ ከመለጠፉ በፊት የመጀመሪያው ዙር ተወዳዳሪዎች ውጤታቸውን ከነምክንያቱ በእጃቸው እንዲቀበሉ ያድርጉ።