መቅዘፊያው የማን ነው?



ባለፈው ነሐሴ፣ ጾመ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባደረግነው ጉባኤ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሳይቋጭ እንደ ቀረ ታስታውሳላችሁ። ጥያቄው «ክርስቲያን ለክፉ ቀን ብሎ መጠባበቂያ ቢይዝ አለማመን አይሆንበትምን?» የሚል ነበር። አንድ ወንድማችን ጌታ ስለ ነገ እንዳንጨነቅ ማስተማሩን ጠቅሶ «የሚያምን ሰው ትርፍ አይዝም» አለ። አንዲት እኅታችን ደግሞ የአሥሩን ቆነጃጅት ምሳሌ አንሥታ «ዘይት በማሰሮ ይዘው የወጡት አምስቱ ልባሞች ተባሉ እንጂ እምነት የለሾች አልተባሉም» ስትል መለሰች። ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። እኔ በዚያን ዕለት ዝም ያልሁት ሐሳብ አጥቼ ሳይሆን ኅሊናዬ እየወቀሰኝ ስለ ነበር ነው። ምክንያቱን ዛሬ ልጽፈው ወደድሁ።

ከጉባኤው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ እኔና ጓደኞቼ በሐይቁ ላይ ለመንሸራሸር ወጥተን ነበር። የሐዋሳ ሐይቅ ከታቦር ተራራ ላይ ቁልቁል ሲያዩት እንደ ተዘረጋ ምንጣፍ ጸጥ ያለ ይመስላል። ነገር ግን ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱም በአንዳንድ ሥፍራ ከ20 ሜትር ይበልጣል። የተከራየናት ባለሞተር ጀልባ ዘጠኝ ሰው ትይዛለች ተባለ፤ እኛ ግን አሥራ አንድ ነበርን። ሁለት ሰዎች ከሚቀሩብን በማለት ወለሉ ላይ የተጋደሙት ሁለት መቅዘፊያዎችና አንድ የዕቃ ሣጥን ይውጡልን አልን። ባለጀልባው አመነታ። «እነዚህ እንኳ ባይወጡ ይሻል ነበር» አለ። «ጋሼ፣ ሞተር እያለ በመቅዘፊያ ማን ይሄዳል?» ብዬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። መቅዘፊያዎቹን ተቀብዬ ከዳር በደንገሉ ጥግ ያጋደምኋቸውም እኔው በእጄ ነው።

ጉማሬ ወደሚታይበት ማዶ በደረስን ጊዜ ሞተሩ እንዲጠፋ ጠየቅን። ከጀልባዋ ባትሪ ጋር በተያያዘው ድምፅ ማጉያ ግን መዝሙር አስከፍተን ከአንድ ሰዓት በላይ አብረን ዘመርን። ልንመለስ ስንል ባለጀልባው ቁልፉን አዞረ። «ጠቅ» የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ። ደግሞ አዞረ፤ አሁንም «ጠቅ» ብቻ። ወዲያው ነፋስ ተነሣ፤ ሞገዱ ጀልባዋን በጎኗ ይመታት ጀመር። ዋና የማታውቅ አንዲት ታናሽ እኅታችን ክንዴን አጥብቃ ይዛ «አሁን በምን እንሄዳለን?» አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም። መልሱን በደንገሉ ጥግ ትቼው መጥቼአለሁ።

እዚህ ላይ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ብናገር ትምህርቱ ይገለጥልናል። የተለመደው ባለ 12 ቮልት ባትሪ በውስጡ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱም ሁለት ቮልት ያህል ይሰጣል። በሚገባ የተሞላ ባትሪ ሥራ ላይ ሳይሆን ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ለመብራት ወይም ለድምፅ ማጉያ የሚያስፈልገው ጉልበት ጥቂት ነው። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ግን ለጥቂት ሰከንዶች እጅግ ብዙ ጉልበት በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ስለዚህ የደከመ ባትሪ መብራት እያበራ፣ መዝሙር እያሰማ ሊቆይ ይችላል፤ ሞተር አስነሣ ሲባል ግን ይወድቃል። መብራቱ መብራቱ የባትሪውን ጤንነት አያረጋግጥም። እኛም መዝሙሩ ስላልተቋረጠ ኃይል ያለን መስሎን ነበር።

ባለጀልባው የሞተሩን ክዳን ከፈተ። ይህ ዓይነት የቆየ የቤንዚን ሞተር ለካንዴላው የሚያስፈልገውን ብልጭታ የሚያገኘው ከባትሪ ሳይሆን ከራሱ መዞር ነው። ስለዚህ ማርሹን ነጻ አድርጎ፣ በአናቱ ባለው ከባድ መንኮራኩር ላይ ገመድ ጠምጥሞ በኃይል የሚስብ ሰው ያለ ባትሪ ሊያስነሣው ይችላል። በኮምፒዩተር የሚታዘዙት ብዙዎቹ አዳዲስ ሞተሮች ግን ባትሪያቸው ፈጽሞ ከሞተ ይህን እሺ አይሉም። ለዚሁ የተዘጋጀው ገመድ የት ነበር? እኛ ባስወጣነው ሣጥን ውስጥ ነበር።

ከብዙ ጩኸት በኋላ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ በእንጨት ጀልባቸው እየቀዘፉ መጡልን። ከመካከላችን አንዱ «አባባ፣ እባክዎን አንዱን መቅዘፊያ ይስጡን» ሲል ለመናቸው። አዛውንቱም «ልጆቼ፣ በዚህ ነፋስ አንዱን ብሰጣችሁ እናንተም አትደርሱ፣ እኔም አልደርስ። ገመድ ግን አለኝ» አሉና ከመረባቸው ትርፍ ገመድ ቆርጠው ወረወሩልን። ባለጀልባው ጫፉን ቋጥሮ ጠመጠመው፤ ሳበው። በአራተኛው ሞተሩ ተነሣ። አዛውንቱ ምስጋናችንን እንኳ ሳይጠብቁ ወደ መረባቸው ተመለሱ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ እኔ ልባሞቹ ቆነጃጅት ዘይታቸውን መከልከላቸው ሁልጊዜ ይከብደኝ ነበር። «ፍቅር የት አለ?» እል ነበር። የዚያን ዕለት ግን ከአዛውንቱ አፍ መልሱን የሰማሁ መሰለኝ። ለሰው ልናውሰው የምንችለው ነገር አለ፤ ልናውሰው የማንችለውም አለ። ማስነሻውን ማዋስ ይቻላል። የቆመች መኪና ባትሪዋ ከሌላ መኪና ባትሪ ጋር በሽቦ ተያይዞ ትነሣለች፤ ከተነሣች በኋላ ግን የገዛ ዲናሞዋ ባትሪዋን ካልሞላላት ጥቂት ሄዳ ተመልሳ ትቆማለች። በሰው ባትሪ መነሣት ይቻላል፤ በሰው ባትሪ መኖር ግን አይቻልም። የመምህራችን ስብከት፣ የእናታችን ጸሎት፣ የጓደኛችን ምክር ያስነሡናል። ከዚያ በኋላ ጸሎቱ የራሳችን፣ ንስሓውም የራሳችን ካልሆነ መንገድ ላይ መቅረታችን አይቀርም።

ሁለተኛው ትምህርት ይህ ነው፦ መጠባበቂያ ከዋናው ጋር ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ ከሆነ መጠባበቂያ አይባልም። በደንብ በተደራጁ ጀልባዎች ላይ ሁለት ባትሪዎች ይቀመጣሉ፤ አንዱ ለመብራትና ለሬዲዮ፣ ሌላው ለማስነሻ ብቻ። በመካከላቸው መለያያ ማብሪያ አለ። አንድ ቸልተኛ ሰው ማብሪያውን ሁለቱን በሚያገናኘው በኩል ትቶት ካደረ ግን ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። ሁለት ባትሪ አለኝ ብሎ የተኛው ሰው ሲነጋ አንድም አያገኝም። በቤተ ክርስቲያናችን መብራት ሲጠፋ የምናየውን አስቡ። ድምፅ ማጉያው ዝም ይላል። ጧፉ ግን ይበራል፤ ከበሮውና ጸናጽሉ ይሰማሉ፤ ምክንያቱም ከሽቦው ጋር አልተያያዙም። እኛስ? የጸሎት ሕይወታችን በሙሉ በበዓሉ ድምቀትና በጓደኞቻችን ብዛት ላይ ብቻ ከተያያዘ፣ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ብቻችንን የሄድን ዕለት ምን ይተርፈናል?

ይህን ነገር የሚያስረዳ አንድ ታሪክ ከሩቅ ባሕር ላምጣ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2000 ከፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ የተነሣው ቫንዴ ግሎብ የተባለ ውድድር ነበር። ተወዳዳሪዎቹ እያንዳንዳቸው በሸራ ጀልባ ብቻቸውን፣ የትም ሳያርፉ፣ ከማንም እርዳታ ሳይቀበሉ ዓለምን ይዞራሉ። ጀልባውን የሚነዳው ነፋስ ነው፤ በውስጡ ያለው ትንሽ ሞተር ባትሪዎቹን ይሞላል። ባትሪው ከሞተ መርከበኛው ሲተኛ መሪውን የሚጠብቅለት መሣሪያ ይሞታል። ሚሼል ዴዥዋዮ የተባለው ፈረንሳዊ በጉዞው ላይ የሞተሩ ማስነሻ ተበላሸበት። እርሱም ብዙ ካሰበ በኋላ በሞተሩ ላይ ገመድ ጠምጥሞ፣ ገመዱን በመዘውሮች አሳልፎ ከትልቁ ሸራ ጋር አያያዘው። ሸራው በነፋሱ ኃይል ሲወረወር ገመዱን ሳበ፤ ሞተሩም ተነሣ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001፣ በ93 ቀናት፣ አንደኛ ሆኖ ገባ። ነፋሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ በዙሪያው ነበር። ጎድሎ የነበረው ነፋሱንና ሞተሩን የሚያገናኘው ገመድ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። መጠባበቂያ መያዝ አለማመን ነውን? በሉቃስ ወንጌል ጎተራውን አፍርሶ ሌላ የሚበልጥ ሊሠራ ያሰበ ባለጸጋ አለ፤ እርሱ ሰነፍ ተባለ። በማቴዎስ ወንጌል ዘይት የያዙት ቆነጃጅት ደግሞ ልባሞች ተባሉ። ሁለቱም ትርፍ ይዘዋል። ልዩነቱ የት ላይ ነው? እንደሚመስለኝ ባለጸጋው ያከማቸው ከእንግዲህ ሥራ ፈትቶ ሊያርፍበት ነው። ቆነጃጅቱ የያዙት ሙሽራውን ሊቀበሉበት ነው። ጎተራ «ተኛ» ይላል፤ መቅዘፊያ «ተነሥ፣ ቅዘፍ» ይላል። ስለዚህ ወንድማችንም እውነት አለው፣ እኅታችንም እውነት አላት። የሚያስተኛን ትርፍ እምነታችንን ይበላል፤ ለአገልግሎት የሚያዘጋጀን ትርፍ ግን የእምነት ፍሬ ነው።

ይልቁንም እኔን የወቀሰኝ ነገር ከዚህ ያልፋል። መቅዘፊያዎቹን ባወጣሁ ጊዜ ድፍረቴን እንደ እምነት ቆጥሬው ነበር። ነገር ግን በማን ሕይወት ነበር የደፈርሁት? ብቻዬን ብሆን ኖሮ ጉዳቱ የእኔ ነበር። ዋና የማታውቀው ታናሽ እኅታችን ግን መቅዘፊያው መውጣቱን እንኳ አላየችም። በጀልባው ውስጥ ያለው መቅዘፊያ የባለጀልባው ብቻ አይደለም፤ የደፋሩም አይደለም፤ በዚያች ጀልባ ለተሳፈረው ሁሉ፣ ከሁሉም በላይ ለደካማው ነው። ሰውን ይዞ የሚጓዝ ሁሉ፣ አባወራ ይሁን የመዘምራን አለቃ፣ ሐኪም ይሁን ሾፌር፣ የራሱን መተማመኛ እንዳሻው ሊጥል ይችል ይሆናል፤ የሌላውን ግን ሊጥል አልተፈቀደለትም። በእኔ ቸልተኝነት ሌላው የሚሰጥም ከሆነ «በእግዚአብሔር ታምኜ ነው» ማለት እግዚአብሔርን ለጥፋቴ ዋስ መጥራት ነው።

የምንኖረው ከታቦር ግርጌ ነውና በዚያው ልዝጋ። ጌታ ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ይዞ በተራራው ላይ ብርሃኑን ሲገልጥ፣ ዘጠኙ ከታች ቀርተው ነበር። አንድ አባት የታመመ ልጁን አመጣላቸው፤ ሊፈውሱት አልቻሉም። እነዚህ ሰዎች ቀደም ሲል በተሰጣቸው ሥልጣን አጋንንትን ያወጡ ነበሩ። ለምን እንዳልቻሉ ሲጠይቁ ጌታ አስቀድሞ የእምነታቸውን ማነስ ነገራቸው፤ ከዚያም ወደ ጸሎትና ወደ ጾም መራቸው። አስተውሉ፤ እምነትንና ዝግጅትን አላጣላቸውም፤ በአንድ ላይ አስተማራቸው። የትናንቱ ኃይል ለዛሬ ይበቃል ብሎ መቀመጥ እንደማይቻል ከዚህ እንማራለን። ደግሞም የተቸገረው ልጅ ደቀ መዛሙርቱ ኃይላቸውን እስኪሞሉ ድረስ በሽታውን አላቆየላቸውም። የሌላው ችግር የእኛን ዝግጅት አይጠብቅም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ ውድ ጓደኞቼ፣ እስከሚመጣው ጉባኤ ድረስ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ። መብራቴ ስለ በራ ብቻ ኃይል ያለኝ መስሎኛልን? ሁለተኛ የምለው ነገር ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ሽቦ ታስሮ ይሆንን? በእኔ ተማምኖ የተሳፈረ ማን ነው? የእርሱንስ መቅዘፊያ የት አኖርሁት?

እኔ በማግሥቱ ወደ ሐይቁ ወርጄ ነበር። መቅዘፊያዎቹ በደንገሉ ጥግ እንደ ነበሩ አገኘኋቸው፤ አንሥቼ ለባለጀልባው በእጁ ሰጠሁትና «ጋሼ፣ ይቅር በሉኝ» አልሁት። እርሱም «እኔም እንቢ ማለት ነበረብኝ፤ እኔንም ይቅር በሉኝ» አለኝ። ለታናሽ እኅታችን ግን እስከ ዛሬ በግልጽ አልተናገርሁም ነበር። ይህን ጽሑፍ ስታነቢ ይቅርታዬን ተቀበይኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።