ቃል ኪዳን የሚያስረው ማንን ነው?

ሰው የሰጠውን ቃል ቢያፈርስ ጥፋተኛ ነው ብለን ሁላችንም እንፈርዳለን፤ ፍርዱም በመሠረቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ቃል የሰጠው ሰው በሌላው ጉዳይ ሁሉ ቃሉ ከቃል ሳይቈጠር የኖረ እንደ ሆነ፣ በአንድ ነገር ብቻ «ቃልህን ጠብቅ» ብሎ መያዝ ይገባልን? ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጥያቄ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ በግጥምና በቴአትር ተነሥቶ ብዙ ሰዎችን አከራክሯል።

አስቀድሞ ስለ ግጥሙ። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሮበርት ብራውኒንግ በ1842 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አንድ ግጥም፣ አንድ የኢጣልያ መስፍን ስለ አዲስ ጋብቻ ለመነጋገር ለመጣ መልእክተኛ የቀድሞ ሚስቱን ሥዕል ያሳየዋል። ሥዕሉ በመጋረጃ የተሸፈነ ነው፤ መጋረጃውንም ከእርሱ በቀር የሚገልጠው የለም። የሚስቲቱ በደል ምን ነበር ቢሉ፣ ለሁሉ ፈገግ ማለቷ፣ የእርሱንም የ900 ዓመት ስም አንድ ሰው ቈርጦ ካመጣላት የፍሬ ቅርንጫፍ አለማስበለጧ ነው። ጥፋቷን ነግሮ ማረሙን እንደ ውርደት ቈጠረው፤ ትእዛዝ ሰጠ፣ ፈገግታውም ቀረ። ተገደለች ወይስ ገዳም ገባች እያሉ ሐያስያን ተከራክረዋል፤ ባለቅኔው ራሱ በኋላ ዘመን ሲጠየቅ መጀመሪያ መገደሏን ተናግሮ፣ ወዲያው ደግሞ ገዳም ገብታም ሊሆን ይችላል ብሏል። እንዲህ ባለው ባል ላይ መፍረድ ለማንም ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ባል ደግ ሲሆን ነው።

የኖርዌዩ ደራሲ ሄንሪክ ኢብሰን በ1879 በኮፐንሃገን በታየው «የአሻንጉሊት ቤት» በተባለው ቴአትሩ ያቆመልን ባል እንዲህ ያለ ደግ ሰው ነው። ቶርቫልድ ሄልመር አይማታም፣ ዕዳ አይወድም፤ ሚስቱን ኖራን በወፍና በትንንሽ እንስሳት ስም እያቈላመጠ ይጠራታል። ጥርሷ እንዳይበላሽ ጣፋጭ ብስኩት ከልክሏታል፤ ነገሩ ትንሽ ቢመስልም የቤቱን ሕግ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም። ኖራ ግን ከዓመታት በፊት እርሱ በታመመ ጊዜ፣ ወደ ሞቃት አገር ካልሄደ እንደሚሞት ሐኪሞች ስለ ነገሯት፣ በስውር ገንዘብ ተበድራ ኢጣልያ ወስዳ አድናዋለች። በዚያ ዘመን ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ መበደር አትችልም ነበር፤ ለዋስትና በቀረበው ወረቀት ላይም የአባቷን ፊርማ ራሷ ፈረመች። ዕዳውንም ከምትቀበለው ገንዘብ እየቈጠበች፣ ሌሊት የግልባጭ ጽሕፈት እየሠራች ስትከፍል ኖረች።

ምስጢሩ በደብዳቤ ሲገለጥ ባሏ ስለ ሕይወቱ አላመሰገናትም፤ ኑሮዬን አጠፋሽ፣ ልጆችን ለማሳደግም አትበቂም አላት። ጥቂት ቈይቶ አበዳሪው ወረቀቱን መልሶ ሲልክ ደግሞ እርሱ ራሱ መዳኑን በደስታ ተናገረ፤ ይቅርታም አደረገላት። ለእኔ የቴአትሩ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ እንጂ፣ ሁሉ በሚያወራለት በመጨረሻው በር ላይ አይደለም። በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ኖራ ምንም አላደረገችም። ከወንጀለኛነት ወደ ንጽሕና የተመለሰችው የባሏ ስም አደጋ ላይ ወድቆ ስለ ዳነ ብቻ ነው።

ከዚያም ባሏንና ሦስት ልጆቿን ትታ ሄደች፤ ይህም ታላቅ ቍጣ አስነሣ። አንዲት የታወቀች የጀርመን ተዋናይት፣ እኔ ልጆቼን ጥዬ ስለማልሄድ ይህን አልጫወትም ስላለች፣ ኢብሰን በ1880 ሌላ መጨረሻ ጻፈ፤ በዚያ ኖራ የተኙትን ልጆቿን አይታ ትቀራለች። ሌላ ሰው እንዳያበላሸው ብሎ ራሱ ቢጽፈውም፣ በሥራው ላይ እንደ ተፈጸመ ግፍ ነበር የሚቈጥረው።

የልጆቹ ነገር የቴአትሩ አድናቂዎች ቶሎ ዘለው የሚያልፉት ከባድ ጥያቄ ነው። ልጆች ቃል አልገቡም፤ በወላጆቻቸው ቃል ጥላ ሥር ግን ይኖራሉ። ኖራ የምትተዋቸው እርሷን ራሷን ላሳደገቻት ሞግዚት ነው። ሞግዚቷም በዚያ ሥራ ስትቀጠር የገዛ ልጇን ለባዕድ ሰጥታ ነበር። ድኻዪቱ እናት ልጇን ለእንጀራ ስትል ስትተው ዝም የሚል ኅሊና፣ የባንክ ሹም ሚስት ስትተው ብቻ የሚጮኽ ከሆነ፣ ጩኸቱ ስለ ልጆች መሆኑ ያጠራጥራል። ይህን ማለቴ ግን የኖራን የእናትነት ዕዳ ለመሰረዝ አይደለም።

ቻይናዊው ደራሲ ሉ ሹን በ1923 በፔኪንግ ለሴት ተማሪዎች ባደረገው ንግግር ከሁሉ የተሻለውን ጥያቄ ጠየቀ፤ ኖራ ከሄደች በኋላስ? በእጇ ገንዘብ ከሌላት ወይ ትወድቃለች ወይ ትመለሳለች አለ። ይህ ከብዙ ውዳሴ ይልቅ እውነትነት አለው። በኖርዌይ ያገባች ሴት በሕግ ፊት ራሷን እንደ ቻለ ሰው የተቈጠረችው በ1888፣ ቴአትሩ ከታየ ከ9 ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ የኖራን ነገር ስንመዝን ይህን እናስብ። ለአበዳሪ ቃሏ አይበቃም ነበር፤ በሕግ ፊትም ያለ ባሏ ፈቃድ አይጸናም ነበር። ሙሉ ዋጋ የተሰጠው በሠርጓ ቀን ብቻ ነው፤ ያውም እንድትታሰርበት። ሆኖም ኖራ እንደ ሌባ አልወጣችም። ባሏን አስቀምጣ አነጋገረችው፤ እርሷን ከመርዳት ግዴታ ሁሉ ነጻ መሆኑን ነገረችው፤ ቀለበቱን መለሰችለት፣ የእርሷንም እንዲመልስላት ጠየቀችው፤ እርሱም ሰጣት። ማንም ሳይፈቅድላት በገዛ ስሟ በግልጥ የፈጸመችው የመጀመሪያው ውል ይህ ነበር።