ስለ ሌላ ሰው መድከም

ሰው ለታመመ ገንዘብ ሊሰጥ ቢወድ ኪሱን ዳብሶ ይሰጣል እንጂ ስለ ምን ቀኑን ሙሉ ቢስክሌት ሲረግጥ ይውላል? ይህን ጥያቄ ያቀረበልኝ ብዙ ዓመት አብሮኝ ያስተማረ ወዳጄ ነው። እርሱ ነገሩን በቀልድ አነሣው፤ እኔ ግን እንደ ቀልድ ልቀበለው አልቻልሁም። ወጣቱ አንባቢም ከእኔ ጋራ ቢመረምረው ብዬ ያሰብሁትን ሁሉ እንደ መጣልኝ እጽፈዋለሁ።

አስቀድሜ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ልናገር። በአሜሪካ አገር፥ በማሳቹሴትስ ግዛት፥ በየዓመቱ በእኛ ሐምሌ ማለቂያ ላይ ፓን ማሳቹሴትስ ቻሌንጅ የሚባል የቢስክሌት ጉዞ ይደረጋል። የጀመረው ቢሊ ስታር የሚባል ሰው ነው። እናቱ በ1974 እ.ኤ.አ. በነቀርሳ፥ ማለት ዛሬ ሁሉም ሰው ካንሰር በሚለው በሽታ ሞታበት ነበርና በ1980 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ጉዞ አደረገ። የተጓዙት 36 ሰዎች፥ የሰበሰቡትም 10,200 ዶላር ነበረ። ገንዘቡ የሚሰጠው በቦስተን ከተማ ለሚገኘው ለዳና ፋርበር የካንሰር ተቋም ምርምርና ሕክምና ነው። እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ የተሰበሰበው ሁሉ ሲደመር ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል።

ልጄ የምትኖረው ከቦስተን አጠገብ ነው። እናትዋ በጡት ካንሰር ከሞተችብን ወዲህ በዚህ ጉዞ ትሳተፋለች። ልጠይቃት በሄድሁበት ዓመት ሳታማክረኝ ስሜን አስመዘገበችው። የመረጠችልኝ መንገድ ከዌልስሊ ተነሥቶ ወደዚያው የሚመለሰውን ነው፤ ርቀቱ 50 ማይል፥ በእኛ አቈጣጠር 80 ኪሎ ሜትር ነው። እኔም ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ቢስክሌት ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ሁለት ወር ሙሉ በሰፈሩ መንገድ ስለማመድ የጎረቤት ልጆች ሳቁብኝ፤ እኔም በዕድሜዬ ብዙ ልጆችን ስለ ሳቁ አስነሥቼ አቁሜአለሁና አልተቀየምኋቸውም።

ከመርገጡ ይልቅ የከበደኝ መለመኑ ነው። እኔ በደመወዜ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ጨው እንኳ ከጎረቤት መበደር አልወድም። አሁን ግን ለማውቀው ሁሉ «እባክህ አንድ ነገር አድርግ» እያልሁ መጻፍ ሊኖርብኝ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ ያደረ አንድ ያገራችን ሰው ዓይኑ እንደ ቀላ ቤታችን መጥቶ 20 ዶላር ሲሰጠኝ እጄ ተንቀጠቀጠች። ዝም ብዬ ብጠይቀው ኖሮ ይሰጠኝ ነበርን? ይሰጠኝ ይሆናል። እኔ ግን ዝም ብዬ ልጠይቀው አልችልም ነበር። የወዳጄን ጥያቄ በግማሽ የመለሰልኝ ይህ ነገር ነው፤ ድካሙ ገንዘቡን አይወልደውም፤ የሚለምነውን ሰው አንደበት ግን ይፈታዋል።

ደግሞ በዚህ ጉዞ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ሕግ አለ። ነጂው ሲመዘገብ ይህን ያህል ገንዘብ አሰባስባለሁ ብሎ ቃል ይገባል። በቀነ ቀጠሮው ሳይሞላ የቀረ እንደ ሆነ ጉድለቱ ከራሱ የባንክ ካርድ ላይ ይወሰዳል። እንግዲህ ይህ ሰው ለማኝ ብቻ አይደለም፤ በእኛ ቋንቋ ዋስ ነው። ዋስ ማለት ከዕዳው ጋራ ጉዳይ ሳይኖረው «እርሱ ባይከፍል እኔ አለሁ» ብሎ የሚቆም ሰው ነው። አባቶቻችን ዋስ ሲጠሩ ሀብት ያለውን ብቻ ሳይሆን የማይሸሸውን ይፈልጉ ነበር። ሰው አለመሸሹን በምን ያሳያል? በአፉ አይደለም። ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚሄደው ስለተኛ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ መልአኩ ድንጋይ ቸግሮት እንዳልሆነ ያውቃል። የሚሸከመው ቃሉን በትከሻው ሊያጸናው ነው። እኔ ያደግሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ይህን ልማድ አያስተምርም፤ ሆኖም በሸመገልሁ ጊዜ ገባኝ።

ነገር ግን አንዳንድ ነጂዎች «የሕመምተኞቹን ሥቃይ እንካፈላለን» ሲሉ ሰምቼ አልወደድሁትም። እኔ ጉልበቴ ሲዝል ከቢስክሌቱ መውረድ እችላለሁ፤ ባለቤቴ ግን ከበሽታዋ መውረድ አልቻለችም። ምጽዋት በስውር ይሁን ተብለን ያደግን ሰዎች፥ አንድ ዓይነት ሸሚዝ ለብሰን፥ በመንገድ ዳር ሕዝብ እያጨበጨበልን ስንሄድ ይህን ልዩነት ብንረሳው ታላቅ ድፍረት ነው።

ከዚህ ሁሉ የከበደውን ጥያቄ ያመጣብኝ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ሐኪም ነው። ስልክ ደውሎ «ጋሼ፥ ለቦስተን ምርምር ይለምናሉ አሉ፤ እኛ ዘንድ ትናንት በታወቀው ሕክምና ሊድን የሚችለው ሰው እየሞተ አይደለምን?» አለኝ። እኔም እንደ መምህርነቴ ታሪክ አነሣሁለት። ሲድኒ ፋርበር የሚባለው ሐኪም በ1947 እ.ኤ.አ. በቦስተን የደም ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት አሚኖፕተሪን የሚባል መድኃኒት መስጠት ጀመረ፤ መድኃኒቱ የተገኘው ከህንድ አገር በመጣው በየላፕራጋዳ ሱባራኦ ይመራ በነበረው የምርምር ክፍል ነው። ከ16 ሕፃናት 10ሩ ተሻላቸው፤ ነገር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ በሽታው ተመለሰባቸው። የዚያን ጊዜ ሰው «ለጥቂት ወር ዕድሜ ይህ ሁሉ ወጪ ስለ ምን ነው?» ቢል ማን ይፈርድበታል? ዛሬ ግን በባለጸጎች አገር በሕፃናት ላይ የሚበዛው የደም ካንሰር ከያዛቸው 10 ልጆች 9 ያህሉ ይድናሉ። የዚያ መድኃኒት የቅርብ ዘመድ ሜቶትሬክሴት ደግሞ ርካሽ ሆኖ እኛም አገር ድረስ መጥቷል።

ተማሪዬ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያም «ጋሼ፥ መድኃኒቱስ መጣ፤ ሰዉ ነው በጊዜ የማይመጣው። ሴቶቹ እኔ ዘንድ የሚደርሱት ዕብጠቱ ከቆሰለ በኋላ ነው» አለ። መልስ አልነበረኝም። እርሱ ግን ዝም ያልሁበትን ምክንያት አላወቀም።

ባለቤቴ ጡትዋ ላይ ትንሽ ነገር እንደ ዳሰሰች የነገረችኝ በግንቦት ወር ነው። የተማሪዎቼን ፈተና እያረምሁ ነበርና ቀና ሳልል «ትምህርት ቤት ይዘጋና እንሄዳለን» አልኋት። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ክረምቱ ከበደ፤ ቤታችንም ያፈስስ ነበርና እርሱን ስጠግን ሰነበትሁ። እርስዋም ሁለተኛ አላነሣችውም። ሐኪም ዘንድ የደረስነው ከመስቀል በኋላ ነው። ቀድመን ብንሄድ ትድን ነበር ማለት አልችልም፤ አትድንም ነበር ማለትም አልችልም። ስለዚህ በዋስነት ነገር የጻፍሁት ሁሉ ለሌሎቹ ነጂዎች እውነት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ዋስ አልነበርሁም፥ ባለ ዕዳ ነበርሁ። ባለ ዕዳ የሚሰጠው ገንዘብ ምጽዋት ይባላልን? ገንዘቡን የሚቀበለው ሐኪም ይህን አይጠይቅም፤ መጠየቅም የለበትም። እኔ ግን ራሴን ልጠይቅ ይገባኛል፤ በመንገድ ዳር ሲያጨበጭቡልን አንገቴን የደፋሁት ስለዚህ ነው።

በጉዞው ቀን እኩሌታውን መንገድ ካለፍን በኋላ በአንድ ዳገት ላይ የቢስክሌቴ ካቴና ወለቀ። ልጄ ወርዳ ስታስገባልኝ እኔ ሣሩ ላይ ተቀመጥሁ። ጣቶችዋ በግራሶ ጠቍረው ሳሉ፥ ፊትዋ ወደ ጎማው እንደ ዞረ፥ የግንቦቱን ነገር ነገርኋት። እስከዚያች ቀን ለማንም አልተናገርሁትም ነበር። ሥራዋን አላቋረጠችም፤ መርገጫውን ሁለት ሦስት ጊዜ አዙራ ካቴናው መግባቱን አየች። ብዙ ሰዎች እያለፉን ሄዱ። እጅዋን በሣሩ ጠርጋ «የዚያን ዓመት የክፍልህን ፈተና እኔም ተፈትኜአለሁ፤ 72 ነበር የሰጠኸኝ» አለችኝ። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ከዳገቱ ጫፍ እስክንደርስ ቢስክሌቶቻችንን በእግር እየገፋን ሄድን።