የሚያልቅ ነገርን መውደድ ይገባልን?

ጥንትና ፍጻሜ የሌለው እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ከእርሱ በቀር መጀመሪያ ያለው ሁሉ መጨረሻ አለው። ይህን ከሕፃንነታችን ጀምረን ተምረነዋል። ነገር ግን እውነቱን በቃል ማወቅና የሚወዱት ነገር ሲያልቅ መታገሥ የተለያዩ ናቸው። ሽማግሌዎች እንኳ የምንሰናከልበትን ይህን ትምህርት ዛሬ ልጆች በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ይጀምሩታል።

ነገሩን ለማንሣት ያበቃን በደሴና በኮምቦልቻ ያሉ ወላጆች ደጋግመው የሚያቀርቡልን ጥያቄ ነው። ይኸውም፥ «ልጆቻችን አኒሜሽን የሚባለውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ዓመት ሙሉ ሲከታተሉ ይቆዩና አለቀ በተባለ ጊዜ ያለቅሳሉ፤ ለሌለ ሰው ማልቀስ ከንቱ አይደለምን? መሣሪያውን ከቤት ማውጣትስ አይሻልምን?» የሚል ነው። ይህንኑ ጥያቄ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ያነሡታል፤ በወሎ የሁሉም ልጆች በአንድ ቤት ተሰብስበው ያያሉና።

በእርግጥ ተንቀሳቃሽ የተባለው ሥዕል ራሱ አይንቀሳቀስም። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 24 ወይም 25 ምስል ተራ በተራ ሲያልፍ ዐይናችን አገናኝቶ ሕይወት ያለው ያስመስለዋል እንጂ፥ የተሣለው ልጅ አይተነፍስም፥ አያረጅም፥ አይሞትም። የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ወደ ሕያው ሰው የሚመራ ነው፤ የግድግዳው ቀለም ቢለቅም ቅዱስ ጊዮርጊስ በሰማይ አለ። ከቴሌቪዥኑ ሥዕል ወዲያ ግን ማንም የለም። እስከዚህ ድረስ ወላጆቹ እውነት አላቸው። ዳሩ ግን ከሥዕሉ ወዲያ ሰው ባይኖርም ከሥዕሉ ወዲህ ሰው አለ፤ እርሱም የሚያየው ልጅ ነው። የወደደው ነገር ሥዕል ቢሆንም መውደዱ ሥዕል አይደለም። ጌታችን በምሳሌ የነገረንን የጠፋውን ልጅ ታሪክ ሰምቶ ዕንባው የመጣበትን ምእመን፥ ለሌለ ሰው አለቀስህ ብሎ የሚነቅፈው መምህር አላየንም።

ይልቁንስ ልንመረምረው የሚገባው የአጨራረሱ ነገር ነው፤ ማለቅ ሌላ፥ መቋረጥ ሌላ ነውና። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራውን በጀመረበት በዚያው ዓመት፥ በአሜሪካ «ጆኒ ክዌስት» የተባለ ተከታታይ ሥዕል መስከረም 8 ቀን ተጀምሮ መጋቢት 2 ቀን ቆመ። የተሠራው 26 ክፍል ብቻ ነበር፤ ያስቆመውም የታሪኩ መፈጸም ሳይሆን የሥራው ወጪ መክበድ ነው። ይህ መቋረጥ ነው። በጃፓን ደግሞ «አስትሮ ቦይ» የተባለው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1963 ተጀምሮ ታኅሣሥ 31 ቀን 1966 ሲፈጸም፥ ከብረት የተሠራው ልጅ ዓለምን ለማዳን ወደ ፀሐይ ሲበር ታየ። የጃፓን ልጆች ሳያዝኑ አልቀሩም ብለን እንገምታለን፤ ነገር ግን ያዘኑት ስለ ተፈጸመ ነገር ነው። ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ «ዘ ሲምፕሰንስ» የተባለው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1989 ተጀምሮ እስካሁን ያላባራ ሲሆን፥ ያን ጊዜ የ10 ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬም የ10 ዓመት ነው። እኛ ከሦስቱ አብልጠን የምንጠራጠረው ይህን የመጨረሻውን ነው። ፍጥረት ሆኖ አላልቅም የሚል ነገር ልጁን ስለ ራሱ ስለ ልጁ ይዋሸዋል።

በቤተ ክርስቲያናችንም ትምህርት ቤት ሁለት ዓይነት ነገር እንማራለን። ድጓው በየዓመቱ ይመለሳል፤ ጳጉሜን ሲወጣ የተዘጋው ስንክሳር በመስከረም 1 ቀን እንደገና ይገለጣል፤ የግሸን ማርያም ተሳላሚም በየዓመቱ ለመስከረም 21 በደሴ በኩል ያልፋል። ቅኔው ግን እንዲህ አይደለም። ሌሊቱን ሲወጣ ሲወርድ ያደረው ደቀ መዝሙር ማለዳ በማኅበሩ ፊት ቅኔውን ያቀርባል፤ ያ ቅኔ የዚያ ቀን ነው፥ ለሌላ ቀን ሌላ ይቈጠራል። የቅኔን አንድ ቀን መሆን ከንቱነት ብሎ የጠራ የለም። (የአንዳንዱ ተማሪ ቅኔ በዚያው ቀን መቅረቱ ለሁላችንም ዕረፍት ነው።) ስለዚህ አንድ ነገር በማለቁ ብቻ ሊናቅ አይገባውም።

በአገራችንም ቢሆን ልጆችን በቴሌቪዥን ማስተማር አዲስ አይደለም። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ለ42 ዓመታት ያህል ተረት ሲነግሩ በልጆች ፊት ጠጕራቸው ሸበተ፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉም እርሳቸውን እያየ ያደገው ትውልድ ሁሉ አለቀሰ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ቀጭኔዋን ፀሐይን ለልጆች መምህርት አድርጎ አቀረበ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው «ጥበብ ገርልስ» የተሰኘው አኒሜሽን ደግሞ ሦስት ልጃገረዶቹን ፍቅር፥ ትዕግሥትና ፍትሕ ብሎ ሰየማቸው። ስሞቹ መልካም ናቸው። ሥዕል የሆነችው ትዕግሥት አንድ ቀን ከመስኮቱ ትጠፋለች፤ የስሟ ነገር ግን ያን ጊዜ ለልጁ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ከሁሉ የሚከብደውን እንናገር። ወላጆች የልጁን ልቅሶ ለማስቆም «ነገ ይመጣል» ይላሉ። ነገ ግን አይመጣም። ትንሽ ውሸት ይመስላል፤ ሆኖም ይህ አነጋገር በቤታችን የቆየ ልማድ ነው። አባት ሲሞት ለሕፃኑ «ሩቅ አገር ሄዷል» እንላለን፤ ሕፃኑም በር በተንኳኳ ቍጥር ይሮጣል። ደሴ በጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ግድም፥ ኮምቦልቻም ወዲያው ተከትላ በጦርነቱ ተይዘው እስከ ኅዳር መጨረሻ በቆዩ ጊዜ፥ የሁለቱ ከተሞች ልጆች ቤታቸው፥ ትምህርታቸውና ጨዋታቸው በአንድ ቀን ሲቋረጥ አይተዋል። ከዚያ በኋላ በሐረጎ ቍልቍለት የተመለሰው ሁሉ ያገኘው የተወውን አይደለም። ለእነዚህ ልጆች ስለ ትንሹ ፍጻሜ የዋሸ አፍ ስለ ታላቁ ፍጻሜ፥ ከዚያም በላይ ስለ ትንሣኤ ሙታን ሲናገር በምን ይታመናል? ትንሣኤን የምንሰብከው ሞትን በስሙ ጠርተን ነው እንጂ ሸሽገን አይደለም።

ስለዚህ ለወላጆቹ የሰጠነው መልስ ይህ ነው፤ መሣሪያውን ማውጣት ግድ አይደለም፥ ማለቂያ ከሌለው ግን ጠብቁ፤ መጨረሻው ክፍል በሚታይበት ቀን ሥራችሁን ትታችሁ ከልጁ ጋር ተቀመጡ፤ «ወዴት ሄዱ?» ሲል «ታሪካቸው አልቋል» በሉት፤ ቢያለቅስም ዝም በሉት አትበሉ።

አንዲት እናት ግን ከዚህ የጠነከረ ጠየቀችን። ባሏ በ2014 ዓ.ም. ከቤት እንደ ወጣ አልተመለሰም፤ መሞቱም አልተረዳም። ለልጇ «አልቋል» እንዳትል አታውቅም፥ «ይመጣል» እንዳትልም አታውቅም። እኛም «አላውቅም በዪው፤ ከዚያም ማታ በጸሎት ጊዜ የአባቱን ስም ከልጁ ጋር ጥሪ» አልናት፤ በሕያዋን ስም ይሁን ወይስ በሙታን ብትለን፥ እግዚአብሔር የት እንዳለ ያውቃልና ስሙን ብቻ ጥሪ ብለናታል።